ናካቶና የአያ ደሴ ጉልበት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12፣ ማራኪ

ለአንድ ሴሚስተር ልትማር ከኡጋንዳ የመጣችው ናካቶ ዛሬ ክፍሌን ልትጋራኝ ገባች። ሻንጣዋን ይዤላት ከግቢው ስንደርስ አከራያችን አያ ደሴ ደጅ ተቀምጠዋል። ገና ስታያቸው አፈሩ ላይ ተንበረከከች።

«እኔን ይድፋኝ! ወደቀች?» አሉ ደንግጠው።

ጠይቄያት ተረጎምኩላቸው፦ «አልወደቀችም አያ፤ በአገሯ ትልቅ ሰው ሰላም የሚባለው እንዲህ ነው።»

ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ለንስሐ አባታቸው እንኳ አይነሡም። ዛሬ ግን ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ኧረ ይቀመጡ!»

«ምነው? እንዲህ ያለች ሸጋ ልጅ መሬት ላይ ሆና እኔ ልቀመጥ?»

እሷ እስኪቀመጡ ትጠብቃለች፤ እሳቸው እስክትነሣ ይጠብቃሉ። እኔ ከነሻንጣው መሃላቸው ቆሜ በሁለቱም ኮራሁ።

ግን ነገ ጠዋትም «ደኅና አደሩ» ማለቷ አይቀርም። ያ ጉልበታቸው…