የከባድ ብረት ባንዳ ስለተባሉት ልጆች ጉዳይ

ለተከበሩ አቶ ዘይኑልአቢዲን
የሕዝብ መድረኮች ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ኮምቦልቻ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በእርስዎ ወግ አሰላሙ ዓለይኩም፣ በእኔም ወግ እንደምን ሰነበቱ እያልሁ፣ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ማኅተምዎና የማኅተሙ ቀለም ሳይቀር በሙሉ ደኅንነት ላይ እንዲገኙ ከደሴ ብርድ ውስጥ ሆኜ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ክፍልዎ «ነገ ተመለሺ» እያለ ስላመላለሰኝ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን መንገድ ኩርባዎች አንድ በአንድ ለይቼ አውቄአለሁ፣ የሚኒባስ ረዳቶችም እንደ ዘመድ ስለ ቤተሰቤ ይጠይቁኛል። ለዚህ ሁሉ ወዳጅ ያበቁኝ እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ማን እንደሆንሁ የዘነጉ እንደሆነ፣ ሰርካዲስ ቀለሙ እባላለሁ። ደሴ ፒያሳ ፋርማሲ አለኝ። ቀን የራስ ምታት መድኃኒት እየሸጥሁ፣ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ራስ ምታት ያመጣል የሚባለውን ሙዚቃ የምሰማ ሴት ነኝ። ልማዱ የጀመረኝ ልጅ ሳለሁ ነው፤ ወንድሜ አብርሃም የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር በነበረበት ጊዜ ከወደብ ሽፋን የሌለው ካሴት ይዞልኝ መጣና ቤታችን ከዚያ ወዲያ ጸጥታ አላገኘም። እናታችን ቴፑ የተበላሸ መስሏት ወደ ጠጋኝ ወስዳው ነበር።

ያመለከትሁት ጉዳይ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ አልነበረም። በኮምቦልቻ የወጣቶች አዳራሽ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ «የአሜሪካ ሄቪ ሜታል ባንዶች አመጣጥና የሥራ ጉዞ» በሚል ርዕስ አጠር ያለ ንግግር እንዳደርግ፣ ከዚያም የከተማችሁ ልጆች ያቋቋሙት ባንድ ሙዚቃውን በተግባር እንዲያሰማ ነው። ጀሚል የሱፍ ጊታር ይጫወታል፣ ይዘፍናልም፤ ኩኩ ከበሮ ትመታለች፤ ሙንዚር ቤዝ ይይዛል። ፈቃዱን የፈለግነው ሕግ አክባሪዎች ስለሆንን ብቻ አይደለም። የጀሚል አባት አቶ የሱፍ ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ በምትገኘው በደጋን ገበሬ ናቸው፣ ልጃቸው ሲጫወት አንድም ቀን ሰምተው አያውቁም። ብዙ ሲለመኑ «መንግሥት ያወቀው ነገር ከሆነ እመጣለሁ» አሉ። ልጁ ያን ቀን ፋርማሲዬ ድረስ ሮጦ መጥቶ ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኛ የፈለግነው እንግዲህ እኒህ አባት አይተው ወንበር የሚይዙበትን አንድ ባለማኅተም ወረቀት ነው። በምትኩ ያገኘነውን ቀጥሎ በቅደም ተከተል ለመግለጽ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ «ሄቪ ሜታል» ብዬ የጻፍሁትን ክፍልዎ ለአማርኛ ካለው ተቆርቋሪነት የተነሣ «ከባድ ብረት» ብሎ መልሶታል። ቃል በቃል ሲታይ ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ በዚሁ መነሻነት ብረቱ ስንት ኩንታል እንደሚመዝን፣ በምን መኪና እንደሚጓጓዝ፣ የአዳራሹም ወለል ይሸከመው እንደሆነ በመሐንዲስ አስጽፈን እንድናቀርብ ስንጠየቅ ትንሽ ደንገጥ ብለናል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናትና ብረት ሲባል ቀድሞ ሚዛን ቢታሰብ አይፈረድም። ታዘን መዘንን። የጀሚል ጊታር ከሁለት ዶሮ አይበልጥም። የኩኩ ከበሮዎች እንጨትና ፕላስቲክ ናቸው። ከዕቃው ሁሉ ከባድ ሆኖ የተገኘው የድምፅ ማጉያው ሲሆን፣ እሱም ከሰርግ ዕቃ አከራይ የመጣ ነው፤ በየሰርጉ ሲዞር ኖሮ ኩንታሉን የጠየቀው ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ሁለተኛ፣ በንግግሬ የማነሣቸውን ባንዶች ስም እንዳስታውቅ ታዝዤ አስታወቅሁ። አንድ ትጉህ ባለሙያዎ «አንትራክስ» የሚለውን አይቶ መዝገበ ቃላት ቢገልጥ «አባ ሰንጋ» ሆኖ አገኘው፣ ጉዳዩንም ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ጤና መራው። በማግስቱ ዊዳድ የምትባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም ክትባቷን በበረዶ ሣጥን ይዛ ልጆቹ ከሚለማመዱበት መጋዘን ደረሰች። የታመመው ከብት የት እንዳለ ጠየቀች፤ ከበሮው በየትኛው በሬ ቆዳ እንደተለበጠም መረመረች፣ ፕላስቲክ መሆኑን ስታውቅ በጣም አዘነች። ከመጣሁ አይቀር ብላ ሁለት ዘፈን ሰምታ ሄደች። አሁን በየሳምንቱ ትመጣለች፤ ክትባቱን ግን ትታዋለች። ለዚህች ውድ አድማጫችን ስላበቁን እናመሰግናለን።

እውነቱን ለመናገር አሜሪካኖቹም ስሙን ያገኙት ከባዮሎጂ መጽሐፍ ነው። የኒው ዮርክ ጎረምሶች ነበሩ፣ ቃሉ ደስ የሚል ድምፅ ስላለው ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2001 በሀገራቸው በሽታው በፖስታ እየተላከ ሰው ሲሞት፣ ስማችንን እንቀይር ይሆን ብለው ቀለዱ እንጂ አልቀየሩም። የእነሱም ባለሥልጣኖች ቢሆኑ የእንስሳት ሐኪም አልላኩባቸውም፤ በዚህ ረገድ ክፍልዎ ከዓለም ቀዳሚ ነው። «ስሌየር» የሚለው ደግሞ «አራጅ» ተብሎ ስለተተረጎመ የቄራ ፈቃድና የአራጁ የጤና ምርመራ ወረቀት እንድናቀርብ ተጽፎልናል። ስለ ምርመራው አያስቡ፤ ድምፃዊው ራሱ በሆስፒታል የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያ ነበር፣ ለመጀመሪያው አልበማቸው ወጪ የረዳውም ያ ደመወዝ ነው። ቀን በሽተኛ እንዲተነፍስ እየረዳ ከሥራ ሲወጣ የሚጮህ ሰው ለእኔ ለፋርማሲ ባለቤቷ ምን ያህል እንደሚቀርበኝ መገመት አያዳግትዎትም።

ሦስተኛ፣ ባንዶቹ በየትኛው አካል ዕውቅና፣ በምን ቃለ ጉባኤ እንደተመሠረቱ ጠይቀዋል። ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ቃለ ጉባኤ የላቸውም። «ሜታሊካ» የተባለው በእነሱው አቆጣጠር በ1981 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ከበሮ መቺ ጋዜጣ ላይ «አብሮኝ የሚጫወት ሰው እፈልጋለሁ» ብሎ ማስታወቂያ ስላወጣ የተፈጠረ ነው። አብዛኞቹ የጀመሩት ጋራዥ ውስጥ ነው ብዬ ማስረዳቴ ግን የእኔ ጥፋት ሆነ። እዚያ ጋራዥ የሚባለው ሰው ቤቱ ሥር መኪናውን የሚያሳድርበት ክፍል መሆኑን ሳልገልጽ ስላለፍሁ፣ ክፍልዎ የጋራዡ ደረጃ ስንት እንደሆነና ዘይት መቀየር ይችል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቆኛል። ከእኛ መካከል ዘይት መቀየር የሚችለው ጀሚል ብቻ ነው።

የሥራ ጉዟቸውንም በተመለከተ፣ ኑሯቸው እርስዎ እንደሚያስቡት የድሎት አይደለም። ከሜታሊካ አንዱ ጊታር ተጫዋች በ1983 ከኒው ዮርክ በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ ካሊፎርኒያ ተባረረ፣ መንገዱም አገር አቋራጭ ነው። ከሥራ የተባረረ ሰው ወግ ነውና አቤቱታ መጻፍ ሲገባው እሱ እዚያው አውቶቡስ ላይ ግጥም መጻፍ ጀመረ፣ እንደደረሰም «ሜጋዴዝ» የተባለውን ባንድ አቋቋመ። ሁለቱም እስከ ዛሬ ይጫወታሉ። ስሌየሮች ደግሞ ዓለምን ዞረው፣ ሕዝብ አስለቅሰው በ2019 ተሰናበቱ፤ በ2024 ተመልሰው መድረክ ላይ ወጡ። ወንበር ለቀው የተመለሱ ሰዎች ስለሆኑ ይህን የሕይወታቸውን ክፍል ክፍልዎ ሊወደው ይችላል ብዬ ለንግግሬ መዝጊያ አስቀምጬው ነበር።

ወላጆችና ሹማምንት ሲቃወሟቸውም ኖረዋል። በ1985 ጉዳዩ የሀገሪቱ ምክር ቤት ድረስ ደርሶ ክርክር ተደርጎበት፣ በአልበሞቹ ሽፋን ላይ የማስጠንቀቂያ ወረቀት መለጠፍ ተጀመረ። ወጣቱም ወረቀቱ ያለበትን እየመረጠ መግዛት ጀመረ ይባላል። ቀጥዬ የማነሣው የእርስዎ ማስታወቂያ በር ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ለኩኩ ስልክ እየደወሉ «የት ነው የምትጫወቱት?» የሚሉ ሰዎች በዝተዋልና በዚህም ባለውለታችን ነዎት።

አራተኛ፣ ማስታወቂያው። እዚህ ላይ ሳቄ ትንሽ ይቆማል፤ ይቅር ይበሉኝ። በቢሮዎ በር ላይ በማኅተም ተረጋግጦ የተለጠፈው ወረቀት «የአሜሪካ የከባድ ብረት ባንዳዎችን አመጣጥ ለማስተማር የቀረበው ጥያቄ ውድቅ ሆኗል፤ የባንዳው መሪ ጀሚል የሱፍ እንዲያውቀው» ይላል። እኔ የጻፍሁት «ባንድ» ነበር። ክፍልዎ «ድ»ን ወደ «ዳ» አሳድጎ፣ ሙዚቀኛውን ልጅ አገሩን ክዶ ለጠላት ያደረ ባንዳ አድርጎታል። የትየባ ስሕተት መሆኑን ስናመለክት «የወጣ ማስታወቂያ አይመለስም» ተባልን።

ወረቀቱን ያየ ሰው ለደጋን ገበያ አወራው፣ ገበያው ለአቶ የሱፍ አደረሰው። አያታቸው በጠላት ጊዜ ባንዳ ሲያሳድዱ እንደወጡ የቀሩ ሰው ናቸው፤ መቃብራቸው እንኳን አይታወቅም። አቶ የሱፍ ከመስጊድ ሲወጡ ሰው ሰላምታውን ሲያሳጥርባቸው ለሁለት ሳምንት ቻሉ። ከዚያ ዱላቸውን ይዘው ኮምቦልቻ ገቡና በቀጥታ ወደ ልጆቹ መጋዘን ሄዱ። በዚያ ቀን እኔም ነበርሁ። በሩ ላይ ቆመው «ወላሂ፣ እኔ ባንዳ አልወለድሁም!» ሲሉ ሙንዚር ከድምፅ ማጉያው ኋላ ተደበቀ፣ ጀሚል ግን ቀለሙ ተለውጦ በቆመበት ቀረ። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ተማምኜ «አባ፣ ይቀመጡና ይስሙት፤ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉ» አልኋቸው።

ተቀመጡ። ዱላውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የመጀመሪያውን ዘፈን ሰሙ። ሁለተኛው ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እኔም ታመው ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ሲያበቃ ዓይናቸውን ገለጡና «ጩኸትስ ጩኸት ነው። ማሽላ ላይ ወፍ ያባርራል። ክህደት ግን አላየሁበትም» አሉ። ከዚያም ጀሚልን ወደ ራሳቸው ስበው ግንባሩን ሳሙት። ክቡር ሆይ፣ ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ እኔ ከሁሉ ብሼ አለቀስሁ፣ የእንስሳት ሐኪሟም አልቀረች። አቶ የሱፍ ሲወጡ ግን «እኔ ሰምቻለሁ፤ አገሩ ግን ገና ባንዳ ነው የሚለው። ስሙ በተበላሸበት በር ላይ ይስተካከልልኝ» ብለዋል። ይህን ቃላቸውን ነው ሳልጨምር ሳልቀንስ ያደረስሁልዎት።

ስለዚህ ከታላቅ አክብሮት ጋር የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አዳራሹ ይቅርብን፤ አቶ የሱፍ ማሽላቸውን ሰብስበው ስለጨረሱ አውድማቸውን ፈቅደውልናል፣ የቅዳሜ ሳምንት እዚያው ደጋን እንጫወታለን፣ ወለሉም መሐንዲስ አያስፈልገውም። እርስዎ ግን ያቺን «ዳ» ወደ «ድ» መልሰው፣ በዚያው በር ላይ፣ በዚያው ማኅተም አዲስ ወረቀት ይለጥፉልን። ለትልቅ ክፍል ትንሽ ሥራ ናት። ለአንድ ሽማግሌ ግን ከመስጊድ ሲወጡ ሙሉ ሰላምታ የሚቀበሉባት ናት።

ትርጉም እንዲሰፋ፣ እንስሳት እንዲከተቡ፣ ብረትም እንዲመዘን ሳይታክቱ ስለሚደክሙ፣ የሐረጎን መንገድ የምመላለስበትን ዕድሜ እየለመንሁ፣ ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣

ሰርካዲስ ቀለሙ
በክፍልዎ አባባል የባንዳዎች ተባባሪ፣ ደሴ

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለጋዜጣ ከመስጠቴ በፊት ቤዝ ተጫዋቹን ሙንዚርን «ሙሉ ስምህን ልጻፍ ወይስ ልተው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሲያመነታ ሰንብቶ ትናንት «ጻፊው» አለኝ። ሙንዚር ዘይኑልአቢዲን ይባላል። ቤት ውስጥ «ቤተ መጻሕፍት ልሄድ ነው» እያለ የሚወጣው ወደ እኛ መጋዘን ነው፤ የእርስዎ ልጅ መሆኑን እኔም ያወቅሁት በዚህ ሳምንት ነው። የአቶ የሱፍ ልጅ ሲሳም ከድምፅ ማጉያው ኋላ ቆሞ ያይ ነበር፣ ከዚያም ወደ እኔ መጥቶ «የእኔስ አባት ይመጣ ይሆን?» አለኝ። ጥያቄው ለእርስዎ ነውና እርስዎ ይመልሱለት።