የሹፌሩ በር

ውድ አቧራው፣

በዚህ ስም ከጠራሁህ አራት ዓመት ሆነኝ። በዓመት ሁለቴ በስልክ «ደህና ነኝ። አንቺስ?» ብለህ ትጽፍልኛለህ፤ እኔም «ደህና» እላለሁ። መዋሸቱን ሁለታችንም ከአንድ ቤት ነው የተማርነው። ዛሬ ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሣሁት የምነግርህ ነገር በሁለት መስመር ስለማያልቅ ነው። ከደብዳቤው ጋር የደረሰህን ትንሽ ሣጥን ገና አትክፈተው። መጀመሪያ አንብብ።

ትንንሾቹን መኪኖች የምንሠራበት ጠረጴዛ እንደነበረ ነው። ሁለቱ መብራቶች፣ የእኔ በቀኝ የአንተ በግራ፣ አሁንም ጎን ለጎን ቆመዋል። ከሥራ ስመለስ ሁለቱንም አበራለሁ። ያንተን ለምን እንደማበራው ብትጠይቀኝ፣ አንዱ ብቻ ሲበራ የጠረጴዛው ግማሽ ይጨልምና እራቴ አይወርድልኝም። ያቺ ስትሄድ ያልጨረስኳት ትንሽ ቀይ የውድድር መኪና ተሠርታ አልቃለች። አሥራ አንድ ጊዜ ቀብቼ፣ በየመሃሉ በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ፊቴ እስኪታይባት አበራኋት። ፊቴን አየሁና መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኳት። «እትዬ፣ አንቺ እኮ መኪና ሳይሆን ጥርስ ነው የምትሠሪው» የሚል ሰው ከሌለ ማብረቋ ለማን ነው?

እውነትህን ነበር። ቀኑን ሙሉ ጥርስ ላብራቶሪ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሞርድ እውላለሁ፤ ጭረት ካየሁ እጄ እኔን ሳያማክር ነው የሚሄደው። አንተ ደግሞ ሊፍት ስትጠግን ትውልና፣ እኔ ያበራሁት መኪና ላይ ጠመኔ ፈጭተህ አቧራ ትነሰንሳለህ፣ ጎማው ሥር ጭቃ ትለጥፋለህ፣ የበሩ ጠርዝ ላይ ዝገት ታበቅላለህ። «የዚህ መኪና ባለቤት ውሃ የለውም እንዴ?» ስልህ «ሥራ አለው» ትለኝ ነበር። እንዲህ እየተነታረክን ሃያ ሦስት መኪና ሠራን። ከዚያ የተሻለ ጊዜ በሕይወቴ አላሳለፍኩም፤ ያኔ ግን ይህን አልነገርኩህም።

ሃያ አራተኛው የአባባ ፒክአፕ ነበር። አባባ ባረፈ በዓመቱ፣ እውነተኛው ተቆራርጦ ለብረት ከሄደ በኋላ፣ ሃያ አራት ጊዜ አሳንሰህ ልትሠራው ተነሣህ። «ይሄን ብቻዬን ነው የምሠራው» አልከኝ። በሮቹን በምላጭ ቆርጠህ በቀጭን ሽቦ ማጠፊያ አበጀህላቸው። አባባ ሰው ቤት የሚገጥመውን መስታወት የሚያቆምበትን የእንጨት መደገፊያ ከክብሪት እንጨት ሠራኸው። ስምንት ወር ፈጀብህ። አንድ ቅዳሜ ከመብራትህ ሥር ቀና ብለህ «እትዬ፣ የሹፌሩን በር ከፍተሽ ውስጡን እይልኝ እስቲ» አልከኝ። «ቆይ፣ እጄ ሙጫ ነክቷል» አልኩህ። ሙጫው ደረቀ፤ እኔ ግን ሳላይልህ ቀረሁ። አንተም ደግመህ አልጠየቅህም። መድገም አታውቅም፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ነገርህ ሁሉ ሆድ ይፍጀው ነው።

ከዚያ የትንንሽ መኪኖች ኤግዚቢሽንና ውድድር መጣ። አንተ ከሥራ በቀጥታ ወደዚያ ልትመጣ ስለነበር፣ ፒክአፑን ወደ አዳራሹ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ሳልጭነው በፊት በአጉሊ መነጽር ላየው አልኩና የሹፌሩን በር በወረንጦ ከፈትኩት። ውስጡ ተጫጭሯል። ከላይ እስከ ታች ጥቃቅን ግራጫ መስመሮች፣ እዚህም እዚያም የተሰረዙ ነገሮች። ምስኪን፣ ሲሠራው ወረንጦው አዳልጦት ነው፣ ለእኔም አፍሮ አልነገረኝም አልኩ። ሰማያዊውን ቀለም በጥብጬ ሁለት ጊዜ ቀባሁት። እንደ ጥርስ አደረግሁት። እየቀባሁ ዘፈን ሁሉ እያንጎራጎርኩ ነበር፤ ይህን የምነግርህ ክፋት እንዳልነበረብኝ እንድታውቅ ነው።

ዳኛውን ታስታውሳቸዋለህ፣ ጡረታ የወጡትን ሰዓት ጠጋኝ። «የሹፌሩን በር ይክፈቱት» አልካቸው፤ ድምፅህ ውስጥ እንደዚያ ያለ ደስታ ሰምቼ አላውቅም ነበር። በጥርስ መፋቂያ ስንጥር ከፈቱት፣ ጎንበስ ብለው አዩት። «ንጹሕ ሥራ ነው» አሉ። አንተ አየኸው። ከዚያ እኔን አየኸኝ።

«አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ተጭሮ ነበር፤ አስተካከልኩት።»

«ጥሩ አድርገሻል» አልክና ኮትህን ለብሰህ ወጣህ።

ሁለተኛ ወጣን። የምስክር ወረቀቱን ብቻዬን ተቀብዬ ብቻዬን ወደ ቤት ተመለስኩ። በሦስተኛው ወር ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብለህ ልብስህን ሸከፍክ። ፒክአፑን አልወሰድከውም። «መኪናህስ?» ስልህ «ያንቺ ነው» አልከኝ። እኔም ተቆጣሁ። እጄ አመድ አፋሽ ነው፣ ሰው ለወንድሙ ሲደክም እንዲህ ነው ወይ እያልኩ ከረምኩ። ኋላ ላይ ቁጣው ሲበርድ እንኳ ልደውል እልና ካፈርኩ አይመልሰኝ እያልኩ እተወዋለሁ። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ምን እንዳስቀየምኩህ ግን አላውቅም ነበር፤ ይህን እመነኝ።

ባለፈው ወር አንዲት አሮጊት የጥርሳቸውን ቀለም ሊያስመርጡ ላብራቶሪ መጡ። የድሮው ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው። ትክ ብለው አዩኝና «የመስታወት ገጣሚው ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ።

«ነኝ።»

«አባትሽ የመስኮቴን ልክ የጻፈው የት ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ? በመኪናው በር፣ በውስጥ በኩል፣ በእርሳስ! ‹ኧረ ወረቀት ልስጥህ› ስለው ‹ወረቀት ይጠፋል፤ በሩ ግን አብሮኝ ይመጣል› አለኝ። እሱ ከኋላ መስታወቱን ሲቆርጥ ትንሹ ልጅ ከበሩ ላይ ቁጥሩን እያነበበ ይጮህለታል። መቼም አነባበቡ አይረሳኝም።»

«እኔስ የት ነበርኩ?» አልኳቸው።

«አንቺማ በዚያኛው መስኮት ውጭ ውጭውን ታዪ ነበር» አሉና ሳቁ። ጥርስ ስላልነበራቸው ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። እኔ የቀለም ናሙናውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

እማዬ ካረፈች በኋላ አባባ የትም ሲሄድ ይዞን ነበር የሚሄደው፤ እሱ መሪው ጋ፣ አንተ መሃል፣ እኔ በታላቅነቴ መስኮቱን ይዤ። መሃል መቀመጥ ቅጣት ይመስለኝ ነበር። ለካ አንተ የተቀመጥከው አባባ አጠገብ ነበር። ያን በር ስንት ዓመት ሲከፍትና ሲዘጋ አብሬው ነበርኩ፤ አንድም ቀን ውስጡን አላየሁትም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ሲባል ይህንን ኖሯል። አንተ ደግሞ ሁሉንም በልብህ ይዘህ፣ አንዲት ፀጉር ብቻ ባላት ብሩሽህ፣ የአባባን እጅ ጽሑፍ አሳንሰህ መልሰህ ጻፍከው። እኔ ጭረት ነው ብዬ ቀባሁበት።

አዝናለሁ አቧራው። ይህን ለማለት ነው ይህን ሁሉ የምዞረው። በጣም አዝናለሁ።

የዚያን ዕለት ቀለሙን ላነሣው ሞከርኩ። ቲነር ከላይ ያለውንም ከታች ያለውንም አንድ ላይ ይበላል። ደቃቁን ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አርሼ ከበሩ ጥግ የምስር ፍሬ የምታህል ቦታ አሸሁ። የአንድ ቁጥር እግር ብቅ አለ፤ ሰባት ይሁን አንድ ሳልለየው ጠፋ። ከዚያ ወዲያ እጄን ሰበሰብኩ።

ሲነጋ ሜትር ይዤ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድኩ። መስኮታቸው 62 በ88 ነው። ከእሳቸው ወደ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከእሱ ወደ መድኃኒት ቤቱ፣ አባባ መስታወት የገጠመበት ቤት ሁሉ ሄድኩ። ፀጉር አስተካካዩ «የአባትሽን ሥራ ልትቀጥዪ ነው?» አለኝ። «አይ፣ ያጠፋሁትን ልጽፍ ነው» አልኩት፤ አልገባውም፣ ግን ወንበር አምጥቶ ያዘልኝ። በአራት ቅዳሜ አሥራ ሦስት መስኮት ለካሁ። ሁሉም ሣጥኑ ውስጥ በወረቀት አሉ። ችግሩ የትኞቹ በሩ ላይ እንደነበሩ፣ የትኛው ከላይ የትኛው ከታች፣ የትኛውን እንደሰረዘው ከአንተ በቀር የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም።

መጨረሻ ላይ የድሮ ቤታችንን አንኳኳሁ። አሁን የምትኖርበት ነርስ ናት፤ ጫማዬን አውልቄ እንተኛበት የነበረው ክፍል ገባሁ። በኳስ ሦስት ጊዜ የሰበርከው መስኮት፣ 47 በ71። ይህኛው በሩ ላይ እንደሚኖር አልተጠራጠርኩም፤ አባባ ሦስት ጊዜ ሙሉ ሲለካው ነበራ።

አሁን ሣጥኑን ክፈተው። ጥርስ የምናሽግበት ሣጥን ነው። ጥጡ ውስጥ ያለው የፒክአፑ የሹፌር በር ነው፤ ማጠፊያውን ሳልሰብር ነቅዬዋለሁ። ከታች ጥግ ላይ 47 በ71 የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስንት መንጋጋ የቀረጸ እጅ አራት ቁጥር መጻፍ አቃተው። ሰባቱ ጠመመ፣ አንዱ ረዘመ፣ የአባባን እጅ ፈጽሞ አይመስልም። ልማድ ሆኖብኝ ጥጥ በቲነር ነክሬ ላጠፋው ጎንበስ ብዬ ነበር። ጥጡን መልሼ አስቀመጥኩት።

ሌላውን አንተ ጻፈው። የአንዲት ፀጉር ብሩሽህን ከጥጡ ሥር ታገኘዋለህ። ጽፈህ ስትጨርስ ግን በፖስታ አትላከው፤ ይዘኸው ና። ፒክአፑ በአንድ በኩል ክፍቱን መደርደሪያው ላይ ቆሟል፣ እኔ በሩን መግጠም አልችልበትም። መብራትህ ይበራል።

አቧራህንም ይዘህ ና። የፈለግኸውን ጻፍበት፣ የፈለግኸውን ሰርዝበት፣ ጭቃም ለጥፍበት።

አላጸዳውም።

መስኮቱን ይዛብህ የኖረችው እህትህ፣
እትዬ