የሶፋችን ድንክዬ ዶሮ

ይድረስ ለእህቴ ለወርቅአየሁ፣ ሐዋሳ።

ከነልጆችሽ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ከእንጦጦ ብርድ በቀር ደህና ነኝ።

ባለቤቴ ይድነቃቸው፣ አብራው የምትሠራው ጵርስቅላ የሰጠችውን ከእርግብ የማትበልጥ ድንክዬ ዶሮ ሶፋችን ላይ ያሳድጋል። ሲገባ ሰላም እንኳ ሳይለኝ «በላች?» ይላል። በእጄ የሠራሁለትን ሹራብ አንጥፎላታል። ለፋሲካ እረድልኝ ብዬ ቢላዋ ባቀብለው፣ «ከዚች አሥራ ሁለት ብልት ይወጣል?» ብሎ ሳቀብኝ። ሴት ዶሮ አታርድም ተብሎ ነው እንጂ፣ እኔው እገላገላት ነበር።

አሁን ደግሞ ዶሮዋ ብቻዋን ሆና ከፋት ስላለ፣ ጵርስቅላ እሁድ አውራ ዶሮ ይዛላት ትመጣለች። ለዶሮ ጋብቻ እንግዲህ፣ ይድነቃቸው ፀጉሩን ተስተካክሎ መጥቷል።

ልጆቹን ሳሚልኝ። እስከ ቅዳሜ ብትደርሺ ደስ ይለኛል፤ ያንን ቀይ ቀሚስሽንም ይዘሽልኝ ነይ።

ናፋቂሽ ሰርክ