ሰባተኛው ቦታ ያንቺ ግቢ ነበር

ኮታገዴ፣ የሌጊ ገበያ በዋለ ማግስት

ውድ ዩ ዋጊናህ፣

ስልክ አታነሺም። የላክሁትንም መልእክት አትከፍቺውም። ልጅሽ ታርያዲ ጋ ስደውል «እማዬ ተኝታለች» ይለኛል። ጠዋትም ተኝታለች፣ ቀትር ላይም ተኝታለች! እኔ አንቺን አላውቅሽም? በሠላሳ ስምንት ዓመት ጉርብትና ቀን ስትተኚ ያየሁሽ ታርያዲን በወለድሽ ሳምንት ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። ቀዳደሽ ብትጥይው እንኳ ከዚያ በፊት ዓይንሽ አንድ ሁለት መስመር መልቀሙ አይቀርም።

ደኅና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ደኅና እንዳልሆንሽ አውቃለሁ፤ ግማሹ ምክንያት ደግሞ እኔ ነኝ። ምናልባት ከግማሽም በላይ።

በእንግዳ ክፍሎቼ በር ጀርባ ከለጠፍኩት ወረቀት ልጀምር፤ «ሙርያቲ ለእንግዶቿ የመረጠቻቸው ቦታዎች» ከሚለው። ባሌ ሞቶ ሦስቱን ክፍል ለጎብኚ ማከራየት የጀመርኩ ጊዜ አንቺ ኩሽና ቁጭ ብለን ነው ያወጣነው። አንቺ አረንጓዴዎቹን የኪፖ ቂጣዎች በሸክላው ላይ እየገለበጥሽ፣ እኔ ኮኮናትና ስኳሩን ውስጣቸው እየጠቀጠቅሁ። «አንደኛ ገበያው» አልኩ። «በሌጊ ቀን ብቻ!» አልሽኝ፤ «በየአምስት ቀኑ ነው የሚደምቀው፣ በሌላ ቀን ልከሽ ሰው እንዳታሳዝኚ።» ከገበያው በስተምዕራብ ያለችውን የዶሮ ሾርባ ሻጭ ስጽፍ ደግሞ «ከሦስት ሰዓት በፊት ካልደረሱ ድስቱን አይተው ነው የሚመለሱት በያቸው» አልሽ። በነገሥታቱ መቃብር ግቢ ያለውን ምንጭና ማንም የማይበላቸውን ዓሦች ጻፍን። ባልሽ ማስ ዊርዮ ዕድሜውን ሙሉ ብር ሲቀጠቅጥ የኖረበትን ወርክሾፕ ጻፍን። ሁሉንም እንደ ልማዳችን «ከዋርካው ወደ ሰሜን፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ» እያልን።

የመጀመሪያው እንግዳ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «ይቅርታ፣ ሰሜን የት ጋ ነው?» ሲለኝ ትዝ ይልሻል? ሳቅሽ ከግቢሽ እስከ ገበያው ተሰማ። «ምን ዓይነት ሰው ነው ሰሜኑ የጠፋበት! አገሩ ፀሐይ አይወጣም እንዴ?» አልሽ። ከዚያ እጁን ይዘሽ እንደ ሕፃን እስከ ሾርባዋ ድረስ አደረስሽው። በዚያን ጊዜ አንቺም እንደኔ አስተናጋጅ ነበርሽ። ከኔ የተሻልሽ።

ያኔ ዝርዝሩ ስድስት ነበር። ሰባተኛውን ብቻዬን ነው የጨመርኩት።

ከጓሮ በሬ ወጥቶ ግቢሽን በመሃል አቋርጦ፣ የፓክ ሳብዶን ግቢ አልፎ ዋናው መንገድ ላይ የሚወጣው መተላለፊያችን አያቶቻችን እያንዳንዳቸው ከየግቢያቸው ቆርሰው የሰጡት ነው። ወረቀት የለው፣ ፊርማ የለው። የሚያልፍ ሰው ከብስክሌቱ ይወርዳል፣ ጎንበስ ይላል፣ «በይቅርታ ልለፍ» ይላል፤ ባለቤቱ «ይለፉ፣ ይለፉ» ይላል። ደግሞ ማንም ያልጻፈው ዋናው ሕግ አለ፤ ወደ በረንዳ ዓይን አይጣልም። በረንዳው ላይ ሰው ቢጣላም፣ ቢያለቅስም፣ በሽርጥ ብቻ ቢቀመጥም አላየህም። ይሄን አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ፤ አዲስ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ አንገቴን ሰግጌ ሳልፍ «ሙር፣ አንገትሽን ቤትሽ ትተሽው ነይ» ብለሽ አሳፈርሽኝ።

እኔ ደግሞ ይሄን ሕግ እያወቅሁ ምን አደረግሁ? «ሰባተኛ፤ በጎረቤቶቼ ግቢ መሃል የሚያልፈው መንገድ። የኮታገዴን እውነተኛ ሕይወት እዚያ ታያላችሁ» ብዬ ጻፍኩ። አንቺን ሳልጠይቅ። ለጎረቤት የተሰጠ ፈቃድ ነው፤ እኔ ግን ለአላፊ አግዳሚው አደልኩት።

እንግዳ በእንግዳ ላይ መጣ። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል «ሙር! ግቢዬን ሙዚየም አደረጋችሁት፤ እኔም እንደ ዕቃው አቧራዬን እያራገፍኩ ነው» አልሽኝ። ሳቅሁ። አንቺም ሳቅሽ። ዩ፣ አንቺ ምሬትሽን በቀልድ ጠቅልለሽ እንደምታቀርቢ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን ክፍሎቼ ሞልተው ነበር፤ ሰውም ያመሰግነኝ ነበር፤ ቀልዱን ወስጄ ምሬቱን ተውኩት።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ። 

ባልና ሚስት ነበሩ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሴትዮዋ ስትሰናበተኝ አልቅሳለች። ማስ ዊርዮን ግማሽ ጎኑ ከከዳው ዓመት ሆኖት ነበር። እንደ ሁልጊዜው የጠዋት ፀሐይ ይሙቅ ብለሽ በረንዳው ላይ አስቀምጠሽዋል፤ አንገቱ ላይ ፎጣ፣ አገጩ ላይ የሩዝ ገንፎ። «አንዲት ማንኪያ ብቻ፣ ለኔ ስትል» እያልሽ ስትለምኚው ሴትዮዋ አነሳቻችሁ። ቤቴ ባለበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ አወጣችው። «ፍቅር ማለት ይሄ ነው፤ ሙርያቲ ሰባተኛውን ቦታ ስላሳየሽን እናመሰግናለን» ብላ ጻፈች። መቶ ሰው፣ ሁለት መቶ ሰው ወደደው።

እኔ አየሁት። ማስ ዊርዮን አየሁት፣ ገንፎውን አየሁ፣ ወደ ጎን የሄደውን አፉን አየሁ። በግቢሽ ሳልፍ ሸሚዙን ቆልፎ እስኪጨርስ በር ላይ ያቆመኝ የነበረውን ሰው! ጸጉሩን ሳያበጥር ለሽንኩርት ሻጭ እንኳ የማይከፍተውን! እና ከሥሩ «ውድ እንግዶቼ፣ እኔም አመሰግናለሁ፤ ጎረቤቶቼ ቤተሰቦቼ ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት የአበባ ምልክትም አደረግሁበት።

ከወርክሾፕ ጓደኞቹ አንዱ ያስቀው መስሎት «ዝነኛ ሆንክ እኮ!» ብሎ ፎቶውን እንዳሳየው በኋላ ነው የሰማሁት። ከዚያች ቀን በኋላ በረንዳው ባዶ ሆነ። «ማስ ዊርዮ የት አለ?» ብዬ ስጠይቅሽ «ፀሐዩ በዝቶበት ነው» አልሽኝ። በክረምት! ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ተደፍቶብን እያለ! እኔም «እንግዲያው ያርፍ» ብዬ አለፍኩ። እንደማይሆን አውቅ ነበር። አንቺም እንደማውቅ ታውቂ ነበር። ሁለታችንም ጨዋ ነን፤ ጨዋነታችን አፋችንን ለጎመው፣ እሱም በዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከረመ፣ እዚያው ሞተ።

በአርባኛው ቀን ለዱዓ የመጣውን ሰው ምግብ በሙዝ ቅጠል አብረን ስንጠቀልል ቀና ሳትይ «ሙር፣ ያችን አበባ ለምን አደረግሽባት?» አልሽኝ።  እኔ የሙዝ ቅጠል ጎደለ ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። በማግስቱ የግቢሽ ሁለቱም በሮች በሰንሰለት ተቆልፈው፣ አንቺም ከልጅሽ ጋር ሰማራንግ ሄደሽ ተገኘሽ። በአያቶቻችን ዘመን እንኳ ተዘግቶ የማያውቅ መንገድ ተዘጋ።

ፎቶውን እንድታጠፋው ለሴትዮዋ ጻፍኩላት። በዚያው ቀን አጠፋችው፣ ይቅርታም ጠየቀች። የኔንም ጽሑፍ አጠፋሁ። ጣቴን አንዴ ብቻ ነው ያሳረፍኩት፣ ጠፋ። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ባለፈው ሳምንት የመንደራችን ሹም ፓክ ሳብዶ ቤት ስብሰባ ተጠራ። ሰው ሁሉ በዋናው መንገድ መዞር መርሮታል። ዶሮ ነጋዴው ሱጊቶ ብድግ አለና፣ «መንገዱ የሁላችን ነው፤ አንዲት ሴት ተነስታ አትዘጋውም። ሰንሰለት አይደለም እንዴ? በመጋዝ አምስት ደቂቃ አይፈጅም!» አለ።

«ሰንሰለቱን የሚነካ መጀመሪያ እኔን ይቁረጠኝ» አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። «ምን ሆንሽ ሙር?» አለ ሱጊቶ እየሳቀ። «እኛስ የገበያ ዘንቢል ይዘን እንዞራለን፤ የሚቸገሩት ያንቺ ፈረንጆች አይደሉም?»

«እንግዳ የለኝም። ቤቴን ዘግቻለሁ» አልኩ። ከዚያ ተነስቼ ቆምኩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝርዝሩን፣ ፎቶውን፣ አበባዋን፣ «ያርፍ» ብዬ ማለፌን። የማስ ዊርዮ ጓደኛ፣ ያ ስልኩን ያሳየው ሰውዬ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሱጊቶ እንኳ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ሱጊቶ አንዴ ከተነሳ ሲቀመጥ አይተሽው ታውቂያለሽ?

ፓክ ሳብዶ ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ። ከዚያ «ሙርያቲ፣ ይሄን ሁሉ ለኛ ምን ያደርግልናል ብለሽ ነው?» አለኝ። «የሚሰማው ሰው እኮ ሰማራንግ ነው ያለው።»

እውነቱን ነው። በሰው ፊት መናዘዝ ቀለል አድርጎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሸክሙን መልሶ ትከሻዬ ላይ ጫነው። ደግ አደረገ።

እንግዲህ የቆረጥኩትን ስሚኝ፤ አንድም ነገር ለይስሙላ አልጻፍኩም።

እንግዳ መቀበል ለዘላለም አልተውም፤ እንጀራዬ ነው፤ ደግሞም እኔን የሚያስቀኝንና የሚያስደስተኝን ለሰው ማሳየት እወዳለሁ፣ ምን ላድርግ? ግን እስከ ማስ ዊርዮ መቶኛ ቀን ዱዓ ድረስ ማንንም አልቀበልም። ከዚያ በኋላም አንቺ በሩን ብትከፍቺው እንኳ እንግዳዬ በግቢሽ አያልፍም። በዋናው መንገድ ይዙር፤ ቢዞር እግሩ አይሰበርም። ሰው ቤት የሚያስገባ ቦታ ከመጻፌ በፊት ባለቤቱን ፊት ለፊት ሄጄ እጠይቃለሁ፤ «እሺ እሺ» ቢለኝም ዓይኑን አያለሁ። በሩን እስክትከፍቺው ድረስም ሰንሰለቱን ማንም አይነካውም። ሱጊቶ መጋዙን ለፓክ ሳብዶ አስረክቧል።

አሁን ወደ ልመናዬ። የማስ ዊርዮን መቶኛ ቀን ሰማራንግ፣ ታርያዲ ቤት ልታደርጊው እንዳሰብሽ ሰማሁ። ዩ፣ አታድርጊው። የወርክሾፕ ጓደኞቹ ሁለቱ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ ሰማራንግ ድረስ አውቶቡስ አይችሉም። እሱ እዚህ ነው የተወለደው፣ እዚህ ነው የተቀበረው፤ ዱዓው በገዛ ግቢው፣ በገዛ ምንጣፉ ላይ ይሁንለት። ሰው አይቶት ያፈረበት በረንዳ ላይ፣ የሚያውቁትና የሚያከብሩት ሰዎች ስሙን ይጥሩት። እዚያ በረንዳ ላይ መጨረሻ የቀረው ያ ፎቶ እንዲሆን አልፈልግም።

እኔን ማየት ካላስቻለሽ አልገኝም። ለእህቴ ነግሬያታለሁ፤ ዕለቱን ክላተን ከተማ እሷ ጋ እውላለሁ። ሩዙን የሚቀቅለው፣ ዶሮውን የሚያቀርበው፣ ምንጣፍ የሚያነጥፈው ሁሉ ተነግሮታል፤ የኔ ስም የትም የለበትም። አንቺ መጥተሽ በርሽን መክፈት ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ። ይሄን ስጽፍ አልከፋኝም አልልሽም። ከፍቶኛል። ለማስ ዊርዮ ዱዓ የማልቀመጥበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን አንቺ ከግቢሽ ከምትጠፊ እኔ ልጥፋ።

ሐሙስ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሰማራንግ እመጣለሁ። የታርያዲን ቤት አላውቀውም፤ በሰሜን፣ በባሕሩ በኩል መሆኑን አውቃለሁ፣ የቀረውን ሰው ይጠቁመኛል። ደጅሽ ላይ ቆሜ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ሽማግሌ አልልክም፣ በስልክም አልለውም። ልትሰድቢኝ ትችያለሽ። ልትዘጊብኝም ትችያለሽ፤ ከዘጋሽብኝ በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ እመጣለሁ፣ በዚያኛውም።

የኔ መኝታ ቤትና የማስ ዊርዮ ክፍል ግድግዳቸው አንድ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሲያስል እሰማው ነበር። አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ተነስቼ፣ ዞሬ፣ «ማስ፣ በድያችኋለሁ» ብዬ ብነግረው ይሰማኝ ነበር፤ መናገሩ ቢያቅተውም ጆሮው ደኅና ነበር። ዛሬ ዱቄት ላቡካ፣ ዛሬ እንግዳ መጣ፣ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ አንድ ጠዋት ሳሉ ቀረ። ካንቺ ጋር ሌላ ነገ አልቀጥርም።

ሐሙስ ደጅሽ ላይ የምትቆመው፣

ሙርያቲ