ራዲያተር ውስጥ የጨመርኩት በሶሽ

ጥሩዬ፣ የልጄ እናት፤

አፈር ከለበስሽ ዘጠኝ ወር ሆነ። ደህና ነኝ ብዬ አልጀምርም፤ ደህና አይደለሁም፣ አንቺን ደግሞ ዋሽቼሽ አላውቅም።

ላሚቱን ለእህትሽ ሰጠኋት፤ ማን ያልባት? ስትሞቺ አደራ ያልሽኝን አንድ ልጃችንን፣ ይበልጣልን፣ ሞጣ ገበያ ላይ አፍሰው ለውትድርና ወሰዱት። ሐሙስ ይጫናሉ የሚለው ወሬ ቢቸና የደረሰኝ ረቡዕ ማታ ነው። አንቺ የፈጨሽው በሶ አንድ ቆርቆሮ ቀርቶ ነበር፤ የእጅሽ ነው ብዬ ሳልነካው ኖሬያለሁ። ስንቅ ይሁነው ብዬ ይዤ ማለዳ በዚያችው አሮጌ መኪናችን ወጣሁ።

ደብረ ወርቅን እንዳለፍኩ ውሃዋ ጎድሎ ፈላች። ታስታውሺ የለ፣ እንደተጋባን ሰሞን ወደ ጉንደ ወይን ስንሄድ ራዲያተሩ ቢያፈስ በሶ ጨመርኩበት፤ አብጦ ቀዳዳውን ደፈነልኝ። መኪናም ስንቅ ትፈልጋለች እንዴ ብለሽ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽብኝ። አሁንም ያው ነው ብዬ ግማሹን ጨመርኩ። ሁለት አቀበት ሳትወጣ ደግማ ፈላች። የቀረውንም ገለበጥኩት ጥሩዬ። ሁሉንም።

ከዚያ በኋላ ነው ሥሯ ያጎነበስኩት። መሬት ላይ የፈሰሰ አንድ ጠብታ የለም። ታዲያ ውሃው የት ይገባል? ከኋላ ከጭስ መውጫው፣ ከማርሚታው፣ ነጭ ጭስ ይትጎለጎላል። የዘይት መለኪያውን ብመዘው ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች ፈታሁ፤ ሦስቱ ጥቁር፣ አንዱ ግን ታጥቦ ነጥቷል። ለካ ከሞተሩ ክዳን፣ ከቴስታታው፣ ሥር ያለችው ማሸጊያ ጋስኬት ተበልታ ውሃው የሚፈሰው ወደ ሞተሩ ውስጥ ኖሯል። ይህን ደግሞ በሶ አይደፍነውም። ሃያ ዓመት የነዳሁ ሰው፣ አስቀድሜ ዘይቱን ማየት አቅቶኝ!

መኪናዋን ጥዬ በእግሬ ተነሣሁ፤ ኋላ አንድ የጭነት መኪና አሳፈረኝ። ሞጣ ስገባ ልጆቹን የጫኑት መኪኖች መንቀሳቀስ ጀምረዋል። ይበልጣል ከጭነቱ ላይ ሆኖ አየኝ፤ አባዬ ብሎ እጁን ዘረጋ። እኔም ባዶ እጄን ዘረጋሁ። አልተነካካንም።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የለ፣ አየሁት የሚል ሰው የለ። ሰው ሁሉ እግዜር ያውቃል ይለኛል። ጨነቀኝ ጥሩዬ። አደራሽን በላሁ።

ሙት ዓመትሽ ሲደርስ ድግሱ ቢያንስም ቄሱ ስምሽን ይጠራሉ፤ እኔም እስክከተልሽ ድረስ ሳልጠራሽ አልውልም። የሱን ስም ግን ከሙታን ጋር እንዳይጠሩብኝ ከወዲሁ ነግሬያቸዋለሁ። እዚያ አንቺ ዘንድ መጥቶ ከሆነ፣ እባክሽ፣ በሕልሜም መጥተሽ አትንገሪኝ።