አረንጓዴ ምልክት ያለው ኩባያ

ሰኞ፣ ጥር 5፣ ማታ

ከሆመቾ የመጣውን ቅቤ በእንጨት ወግቼ አሸተትኩት። ዘይት ገብቶበታል። መለስኩት። አምጪው ተቆጣ። የተደባለቀ እንደማልገዛ ያውቃል።

ከሰዓት ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ። ከሌላ ክልል ተፈናቅለው ወደ ሆሳዕና የመጡትን ለማቋቋም ከተማው፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ነጋዴውና ዕድሮቹ አብረው እንዲሠሩ። መድልዎ እንዳይኖር። የዕድሮች ድርሻ የመጡትን በአባልነት መቀበል። የዕድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ስለሆንኩ የተወከልኩት እኔ ነኝ። ፈረምን፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣን።

ወደ እኛ ሰፈር ከመጡት የመጀመሪያዋ ታደለች ናት። ጓሮ ያለውን ክፍሌን ከታማሚ አባቷ ጋር የተከራየችው። ሱቅ ውስጥ ቡላ ትነፋልኛለች። እጇ ንጹሕ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 8

የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ሄላሞ ታደለችን ሱቄ በር ላይ አገኟት። የማን ልጅ ነሽ አሏት። እዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው አባት ነው። አልደበቀችም። አባቴ የሺንሺቾ ሰው ነው፣ አያቶቼ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ አለች። ፊታቸው ተለወጠ።

እሷ ስትገባ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። "አማረች፣ ሰው ከእነሱ ጋር በአንድ ኩባያ አይጠጣም። ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ፣ ማስታወሻዬ። የሸክላ ሠሪ ዘር ቤት አይገባም፣ ዕቃ አይነካም ሲባል ነው ያደግነው። እሑድ እሑድ ደግሞ ሁላችን አንድ ነን እያልን እንዘምራለን።

ፈርመናል እኮ አልኳቸው። አባላቱ ጥለው ይወጣሉ አሉ። "አንቺ ነጋዴ ነሽ፣ መላ አታጪም።"

አላጣሁም። ለአዲሶቹ የራሳቸው ሳህንና ኩባያ ይገዛላቸው አልኩ። የዕድራችን ዕቃ መቀመጫው ዙሪያ ቀይ ቀለም አለው፣ የእነሱ አረንጓዴ ይሁን። የዕድሩ ሰዎች ሁሉ ወደዱት። የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ እንኳ አመሰገነኝ። ማንም አልተጣላም። ደህና ቀን።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ዕቃውን እንደ ስጦታ አድርጌ ሰጠኋት። ካርቶኑን ፈታች፣ አንዱን ኩባያ ገለበጠች። "እትዬ፣ ይሄ የእኛ ብቻ ነው?"

አዲስ ስለሆነ እንዳይጠፋ ነው አልኩ።

"አረንጓዴው ያምራል" አለች። "ከሩቅም ይታያል።" አልሳቀችም።

ተመልሳ ቡላ መንፋት። ያንን ቡላ የሚበላው ሰፈሩ ሁሉ ነው። ጋሽ ሄላሞም ይበላሉ። ዛሬ ገና ታየኝ። ቀኑን ሙሉ ከፋኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 14

አባቷ ሞቱ። ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ ቀበርን። እስከዚህ ደህና።

ከቀብር መልስ ሻይ። ቀዩ በአንድ ወገን፣ አረንጓዴው በሌላ ወገን። የእኛ ሰዎች ከቀዩ ጎን ንቅንቅ አላሉም። ታደለች ራሷ፣ ከነሐዘኗ፣ አረንጓዴውን ይዛ ዞረች። አንዷ ጠጥቼ ነው የመጣሁት አለች። ሌላው ጨጓራዬን አለ። ጋሽ ሄላሞ ስልክ ሊያነሡ ወጡ፣ ስልካቸው ግን አልጮኸም።

ለእኔም ሰጠችኝ። ተቀበልኩ። ድንኳኑ ሙሉ ቅቤ የሚገዙኝ ሰዎች ናቸው፣ እያዩኝ ነው። ይዤው ቆየሁ።

"ቀዘቀዘ እኮ እትዬ፣ ይተዉት" ብላ ከእጄ ወሰደችው።

ዕቃውን የለየው ማዘጋጃ ቤት አይደለም። ጋሽ ሄላሞም ብቻቸውን አይደሉም። ቀለሙ የእኔ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 15፣ ከሰዓት

ሱቅ ዘጋሁ። ነገ የሟች ዘመዶች ከሺንሺቾ ይመጣሉ፣ ድንኳኑ አልፈረሰም። እነሱም አረንጓዴውን ሊያዩ ነው።

ቀይ ቀለም ገዛሁ። ለማጠብ ብዬ አረንጓዴዎቹን ከታደለች ወሰድኩ። ዕቃ ቤት ገብቼ አረንጓዴው ላይ ቀይ ቀባሁበት። እንዳይለይ የድሮዎቹንም አደስኩ። ኩባያው ድሮም አንድ ዓይነት ነው፣ አስመስዬ የገዛሁት እኔው ነኝ። ከዚያ ደባለቅሁ። አሁን እኔም አለየውም። የተደባለቀ አልገዛም ባይዋ!

ዝም ብል ይጠጣሉ። ኪሳራ የለውም። የነጋዴ መንገድ ይሄ ነው። ግን ሳያውቁ ቢጠጡ ለታደለች ምን ይረባታል? በሚቀጥለው ለቅሶ ያው ነው።

ወሰንኩ። ነገ ሻይ ሳይቀዳ እናገራለሁ። ዕቃው አንድ ሆኗል፣ ያልፈለገ አይጠጣ፣ ቁልፉ እኔ ጋ እያለ ግን ሁለት አይሆንም። መጀመሪያ እኔ እጠጣለሁ፣ ትኩሱን። ቅቤዬን መግዛት የሚተው ይተው። ያሳስበኛል፣ አልዋሽም። ቅቤ ተቀምጦ አይጠብቅም።

ጋሽ ሄላሞ ከውጭ እየተጣሩ ነው። ለነገ ቀዩን ለብቻ ላውጣ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አምጪ እያሉ። እጄ ቀለም እንደሆነ ነው። እስከ ነገ ምን አስጠበቀኝ፣ አሁኑኑ ወጥቼ ልንገራቸው።