አምስቱ ተንሳፋፊ ማማዎች

ይድረስ ለወንድሜ ለጥዑመልሳን፤ ጤናህ እንዴት ከረመ? እኔ ካርቱም እስከፈቀደችልኝ ድረስ ደህና ነኝ።

ከሊቢያ ጀልባ ከተሳፈርክ ወዲህ ስለ ባሕር ከአንድ መጽሔት አነባለሁ። ስኮትላንዶች ከነፋስ መብራት የሚያወጡ አምስት ማማዎች ጥልቅ ባሕር ላይ አንሳፍፈዋል። ያ ሁሉ ብረት በሰንሰለት ታስሮ ይዋልላል እንጂ አይሰምጥም።

ዛሬ ገና ሳይነጋ ጋሽ ምንዳዬ የዕድራችንን ሰዎች አስከትለው መጡ። ያቀረብኩላቸውን ሻይ ማንም አልነካውም።

«ሰብስቤ፣ ቁጭ በልና አንዴ ስማን» አሉኝ ጋሽ ምንዳዬ።

«መጀመሪያ ይህቺን ስሙልኝ» ብዬ መጽሔቱን ማንበብ ጀመርኩ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ስለ ነፋስ ማን ጠየቀህ?» አለኝ ከመካከላቸው አንዱ።

አላቋረጥኩም። የሥራ ሰዓታቸው ሲደርስ እያዩኝ ወጡ። ነገም እንመጣለን ብለዋል፤ ያልተነበበው ግን ግማሽ ገጽ ብቻ ነው።

ባለህበት አምላክ ይጠብቅህ። እባክህ፣ ሳይነጋ ጻፍልኝ።

ወንድምህ ሰብስቤ፣ ከአል-ሳሃፋ ሰፈር፣ ካርቱም